ያልታወቀ ፍላግ የያዘ ሲስተም ኮል ይመለስ ወይስ በዝምታ ይታለፍ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በሲ ቋንቋ አነስተኛ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍሁ ነው። ፋይል የሚከፍተው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) 64 ቢት ፍላግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቢት አንድ ምርጫ የሚያመለክትበት ቁጥር፣ ይቀበላል፤ ትርጉም የሰጠኋቸው ግን አምስት ቢቶችን ብቻ ስለሆነ የቀሩትን ሳልመለከት አልፋቸዋለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ያልታወቀ ቢት የያዘ ጥሪ ሁሉ በስህተት መመለስ አለበት ይላል። ጉዳት ያላደረሰን ፕሮግራም መከልከል ለእኔ ጭካኔ ይመስለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ (መንዝ)፦
ጓደኛዎ ልክ ነው። በእኛ አገር ያልታጠረን ማሳ መንገደኛ ይለምደዋል፤ ባለቤቱ ኋላ ልረሰው ሲል ጠብ ይነሣል። ዛሬ የፍላጉን ተለዋዋጭ ዜሮ ሳያደርግ፣ የዘፈቀደ ቢት እንደያዘ የሚጠራዎት ፕሮግራም ያለችግር ይሠራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለዚያው ቢት «ፋይሉን ባዶ አድርግ» የሚል ትርጉም ቢሰጡት ግን ያ ፕሮግራም የሰው ፋይል ያጠፋል። የሊኑክስ ፋይል መክፈቻ ጥሪ፣ ኦፕን፣ ያልታወቁ ፍላጎችን ከጥንት ጀምሮ በዝምታ ሲያልፍ ስለኖረ፣ ነባር ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሲባል አሁን ፍተሻውን ሊያጠብቅ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 ከርነል ላይ ኦፕንአት2 የተባለ ሌላ ጥሪ ተጨመረ፤ እርሱ ያልታወቀ ቢት ሲያገኝ ኢኢንቫልን፣ ማለትም ስህተት ቁጥር 22ን ይመልሳል።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
በዚህ ላይ፣ ፕሮግራሙ «ይህን ፍላግ ታውቀዋለህ?» ብሎ ከርነሉን የሚጠይቀው በዚያው ስህተት ነው። ዝም ካሉት ያገኘ ይመስለዋል። ፋይልን ሜሞሪ ላይ የሚዘረጋው ጥሪ፣ ኤምማፕም ተመሳሳይ ችግር ስለነበረበት፣ ያልታወቀ ፍላግን የማይቀበል «ማፕ ሼርድ ቫሊዴት» የሚባል ዓይነት በ4.15 ከርነል ለብቻው ተጨመረለት። ፍተሻው ሜሞሪ ከመያዝዎና ሎክ ከመቆለፍዎ በፊት ይሁን፤ አለዚያ ሲመልሱ የያዙትን መልቀቅ ይረሳሉ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ አምኛለሁ። (ፍላግ & ~የሚታወቁ) ዜሮ ካልሆነ 22 እንዲመልስ አደረግሁ። 9ኛውን ቢት 1 አድርጌ ስጠራ ይመልሰኛል፤ 40ኛውን 1 ሳደርግ ግን ፋይሉ ይከፈታል።

መልስ (መንዝ)፦
«የሚታወቁ» ያሉትን በ32 ቢት አንሳይንድ (አሉታዊ የማይሆን ቁጥር) አውጀውት እንደሆነ ይመልከቱ። እንደዚያ ከሆነ በ~ ምልክቱ ሲገለበጥ የሚገለበጡት ታችኞቹ 32 ቢቶች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ወደ 64 ሲሰፋ የላይኛው ግማሽ በዜሮ ስለሚሞላ፣ ከ32 በላይ ያለው ቢት ሁሉ ሳይፈተሽ ያልፋል። ኮምፓይለሩም ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ጠያቂ፦
እንዳሉት ነው። ወደ 64 ቢት ስቀይረው 40ኛው ተመለሰ። ሰሞኑን ደህና ይሠራል ስለው የነበረው የራሴ መሞከሪያ ፕሮግራምም አብሮ ተመለሰ፤ ለካ ፍላጉን ዜሮ ሳላደርግ ስጠራ ኖሬአለሁ።