የማይከፈቱ ምርጫ ጣቢያዎች፦ ለምርጫ ቦርዱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ታጣቂዎች በሚንቀሳቀሱባቸው ወረዳዎች ምርጫው ይካሄድ ወይስ ይቅር የሚለውን ክርክር ዘግተናል፤ ይካሄድ ብለን ነው የምንነሳው። አሁን በማይከፈቱት ጣቢያዎች ዝርዝር ላይ እንስማማ፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል። ያቀረብኩት ይህን ነው፦ የመጀመሪያው ዝርዝር ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻው 15 ቀን ሲቀረው ይፋ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጣቢያ መዝጋት እንጂ መክፈት አይቻልም።

የታዛቢዎች ሥልጠና፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትነካ አደራ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍጋኒስታን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነበር። በወረቀት ላይ ክፍት የተባሉ፣ ታዛቢ ያልደረሰባቸው ጣቢያዎች የሞላ ኮሮጆ ላኩ፤ የአቤቱታ ኮሚሽኑ አጠራጣሪውን ድምፅ ሲሰርዝ የሐሚድ ካርዛይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች ወረደ። በዓመቱ ለፓርላማ ምርጫ ከ900 በላይ ማዕከሎች እንደማይከፈቱ አስቀድሞ ተነገረ፤ ያም ሆኖ 1.3 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ተሰርዟል። ዝርዝሩ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ ለተዘጋ ጣቢያ የታተመ ድምፅ መስጫ ወረቀት ከማዕከላዊ መጋዘን አይውጣ፤ የጥራዞቹ መለያ ቁጥርም ለፓርቲዎች ይሰጥ። ወረቀቱ ወረዳ ከደረሰ በኋላ ጣቢያው ተዘጋ ቢባል፣ ቆጥሮ የሚመልሰው ማን ነው?

የሕግ ክፍል፦ እኔን የሚያስፈራኝ ዘጊው ማን እንደሆነ ነው። ረቂቁ «የጸጥታ አካላት በሚሰጡት መረጃ መሠረት» ብሎ ያልፋል። በዚህ አነጋገር ተቃዋሚ የሚበረታበት ወረዳ ሁሉ «አስጊ» ሊባል ይችላል። የጸጥታ አካል ይመክራል፣ ቦርዱ ይወስናል፤ ምክንያቱ ለእያንዳንዱ ጣቢያ በጽሑፍ ይውጣ፤ ዕጩ በ5 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበል፣ ፍርድ ቤቱም በ5 ቀን ይወስን። ከ45 እስከ 15 ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ይህ ሁሉ ያልቃል።

ማራዘምም እንደዚሁ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የጸጥታ ኃላፊዎች በቦኮ ሐራም ላይ ዘመቻ ስላለብን ጥበቃ አንሰጥም ስላሉ፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከፌብሩዋሪ 14 ወደ ማርች 28 ተገፋ። ቦርዱ መራዘሙን ሲገልጽ አዲሱን ቀን አብሮ ተናገረ፣ ቀኑንም አከበረ። «ቀን ያልተቆረጠለት መራዘም አይፈቀድም» ብለን እንጻፍ።

ሎጂስቲክስ፦ ስለ ሰዓቱ። ድምፅ መስጫው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይሁን፤ ቆጠራው ሳይጨልም እንዲያልቅ። ይህ 540 ደቂቃ ነው። በጣቢያ 500 መራጭና 3 መከለያ ቢኖር ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ይደርሳል። መከለያው 1 ብቻ ከሆነ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሰልፉ እስከ ማታ ይጎተታል፣ ሰልፍ ደግሞ ለአጥቂ የተመቸ ዒላማ ነው። ቆጠራው እዚያው ይደረግ፣ የውጤት ቅጹም በር ላይ ይለጠፍ። ከጨለመ ግን ኮሮጆው ታሽጎ፣ የማሸጊያው ቁጥር በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ የፓርቲ ወኪሎች በዚያው መኪና ተሳፍረው ወደ ተጠበቀ የቆጠራ ማዕከል ይሂድ። ወኪል ሳይዝ የተንቀሳቀሰ ኮሮጆ አይቆጠር።

የታዛቢዎች ሥልጠና፦ የቀለሙ ነገር ተረሳ። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2014 በአፍጋኒስታኗ ሄራት ውስጥ ታሊባን የ11 መራጮችን ቀለም የነካ ጣት ቆርጧል። ለአስጊ ወረዳዎች በልዩ መብራት ብቻ የሚታይ ቀለም እንጠይቅ።

ሎጂስቲክስ፦ መልካም፤ ግን መብራቱ በአስጊዎቹ ጣቢያዎች ብቻ ከተቀመጠ፣ እዚያ የመረጠ ሰው መብራት ወደሌለው ጎረቤት ጣቢያ ሄዶ ይደግማል። በዚያ ምርጫ ክልል ላሉ ጣቢያዎች ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ 2 መብራትና ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል።

የተፈናቃዮች ጉዳይ፦ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2015 የናይጄሪያ ምርጫ ብዙ የቦርኖ ግዛት ተፈናቃዮች በግዛቱ ዋና ከተማ ማይዱጉሪ ላይ መርጠዋል፤ ይቻላል። ተፈናቃይ የሚመርጠው ለተፈናቀለበት ምርጫ ክልል ይሁን፣ አለዚያ ታጣቂው ሕዝቡን በማባረር ብቻ ወንበሩን ያስቀይራል። መታወቂያ ለጠፋባቸውም መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት መጠለያው ድረስ የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ቡድን ይመደብ።

የሕግ ክፍል፦ ከወንበሩ ከተነሳ፣ ኢራቅ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 አገሩን በሙሉ አንድ ምርጫ ክልል አደረገች። ሱኒዎች በሚበዙበት የአንባር አውራጃ የወጣው መራጭ 2 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሱኒዎች ከ275ቱ ወንበር እጅግ ጥቂት ይዘው ሕገ መንግሥት ወደሚያረቅ ጉባኤ ገቡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግን 230ው ወንበር ለየአውራጃው ተደለደለ፤ ሰው በፍርሃት ቢቀር እንኳ የአካባቢው ወንበር ሌላ ቦታ አይሄድም። የእኛም ይህን ይያዝ። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2020 የምርጫ ሕጓን አሻሽላ፣ ከአቅም በላይ ሲሆን በተከፈቱት ጣቢያዎች ውጤት ብቻ ምርጫው ይጸናል አለች። ለፕሬዚዳንት ያስኬድ ይሆናል፤ ለምክር ቤት ወንበር ግን ከግማሽ በላይ ጣቢያው የተዘጋበት ክልል ክፍት ሆኖ ይቆይና የማሟያ ምርጫ ይጠብቅ እላለሁ።

አስተባባሪ፦ ግማሽ ይሁን ወይስ ሲሶ የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። የሕግ ክፍል የይግባኙን አንቀጽ፣ ሎጂስቲክስ የመብራቱንና የመከለያውን ብዛት በምርጫ ክልል ለይታችሁ ላኩልኝ።