አባቴ «አመመኝ» ሲሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት «እናቴን ካመጣኋት ወዲህ አመመኝ ማለት አበዛች፣ ሐኪም ግን ምንም አላገኘባትም» ብለሽ ለጻፍሽው እህታችን ነው ይህን የምጽፈው።

እኔም ቤት ይኸው ነገር ነበር። አባቴ ደሴ ለረጅም ዓመታት ርዕሰ መምህር ነበሩ። በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይልላቸው ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ ሲመጡ ግን በስማቸው የሚጠራቸው እንኳ ጠፋ። እኔ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ። ግፊታቸው በመድኃኒት ተስተካክሏል፣ ስኳርም የለባቸውም። ክሊኒክ ሄደን ቅጽ ሰጡን። «በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?» ይላል። ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» እስከ «መጥፎ» አምስት ሳጥን አለው። አገር ቤት ቢሆን «ተመስገን» ብለው ያልፉት ነበር። እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩና የመጨረሻው ላይ ምልክት አደረጉ።

እባካችሁ ያቺን ጥያቄ አትናቋት። በ1997 እ.ኤ.አ. ኤለን አይድለርና ያኤል ቤንያሚኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። ሐኪም የሚያውቃቸው ብዙ በሽታዎች ተቆጥረውም እንኳ፣ ጤናዬ መጥፎ ነው የሚል ሰው ቶሎ የመሞት ዕድሉ ከፍ ብሎ በአብዛኞቹ ታይቷል። ስለዚህ «ምንም የለባቸውም» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የሰው ደረጃም አካል ውስጥ ይገባል። ተመራማሪው ሐኪም ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቻቸው ባጠኑት በለንደኑ የኋይትሆል ጥናት፣ የመንግሥት ሠራተኛው እርከን ዝቅ ባለ ቁጥር በልብ ሕመም የሚሞተው በዝቶ ተገኘ። እነዚያ ደግሞ ደመወዝተኞች እንጂ ድሆች አልነበሩም። ተመራማሪዎች አሥር ደረጃ ያለው መሰላል ሥለው «ራስህን የት ታስቀምጣለህ?» ብለው የሚጠይቁበት ዘዴም አለ። አባቴን በዚያ መሰላል ጠየቅኋቸው። ደሴ ሳሉ? «ዘጠነኛው» አሉ። እዚህስ? ዝም ብለው ቆዩና «እዚህማ መሰላሉም ላይ የለሁ» አሉኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል እንዲያስተምሩ ለመንናቸው። ጉልበታቸውን አሁንም ያማቸዋል፣ መድኃኒቱንም አላቆሙም። ቅዳሜ ግን እኔ ሳልነሳ ከረባታቸውን አስረው በር ላይ ይጠብቁኛል። ልጆቹ «የኔታ» ነው የሚሏቸው።

እህቴ፣ ምርመራውን አታቋርጪ። ግን እስቲ ንገሪን፤ እናትሽ አገር ቤት ሥራቸው ምን ነበር? ጎረቤቱስ ማን ብሎ ነበር የሚጠራቸው?