የድሮ የቡና መጋዘን መኖሪያ ቤት ይሆናል?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። እኛ ሰፈር አንድ ትልቅ የቡና መጋዘን አለ፤ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል። እናቴ እዚያ ቡና እየለቀመች ነው ያሳደገችን። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላት በርጩማ ላይ ተደርድረው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለያሉ፣ እጃቸው ከወሬያቸው ይፈጥናል። አሁን ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግቢውን ሣር ወርሶታል፣ ግንቡ ግን እንዳለ ነው። ሰሞኑን የሰፈር ስብሰባ ላይ «ፈርሶ አፓርታማ ይሠራበት» እና «ቅርስ ነው አይነካ» የሚሉ ሰዎች ተፋጠው ዋሉ። እኔ ያሰብኩት ግንቡ ሳይፈርስ ከፊሉ መኖሪያ፣ ከፊሉ ቤተ መጻሕፍትና የእድር አዳራሽ ቢሆንስ ብዬ ነው። ውጭ አገር የወደብ መጋዘኖችን እንዲህ አድርገዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የሚያውቅ አለ ወይስ ሕልም ነው?

ግንበኛው፦
ሕልም አይደለም፣ ቀላልም አይደለም። መጋዘን የተሠራው ለጆንያ እንጂ ለሰው አይደለም። መስኮቱ ትንሽና ከፍ ያለ ነው፣ ጎኑ ደግሞ ሰፊ፤ ከግድግዳው ራቅ ካልክ በቀትርም አምፖል ታበራለህ። ስለዚህ ቤቶቹን ጠርዝ ጠርዙን ትሠራና መሀሉን ለአዳራሹ ትተወዋለህ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን ሽንት ቤቱን ነው። ሠላሳ አባወራ ስታስገባ ፍሳሹ የት ይሄዳል? በጅማ ዝናብ ጉድጓዱ ሞልቶ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው። ብሩን የሚበላው እሱ ነው፣ ግንቡ አይደለም።
በዚያ ላይ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መጠገንም አይቻልም። መመዝገቡን አጣሩ። ፈቃዱ እንደተገኘ መጀመሪያ ቆርቆሮውን! ጣሪያ ያፈሰሰበት ግንብ ብዙ ክረምት አይችልም።

ለንደን ያለች ጅማዊት፦
ቴምዝ ዳር ኦክሶ ታወር የሚባል አለ፣ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር። አካባቢውን ቢሮ በቢሮ ሊያደርጉት ሲሉ ነዋሪው ለዓመታት ተሟገተ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነዋሪዎቹ ያቋቋሙት ድርጅት 13 ኤከር (5 ሄክታር ገደማ) በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ሕንፃው በ1996 ታድሶ ሲከፈት ታች ሱቅና የእጅ ባለሙያዎች ወርክሾፕ፣ መሀል 78 የኅብረት ሥራ ቤቶች፣ ላይ ሬስቶራንት ሆነ። ሱቅና ሬስቶራንቱ የሚያስገባው ገንዘብ ሌላውን ይደጉማል።
እዚያው ለንደን በምሥራቅ በኩል ያሉት ወደቦች ታሪክ ግን ሌላ ነው። መንግሥት በ1981 ኮርፖሬሽን አቋቁሞ የፕላን ሥልጣኑን ከአካባቢ አስተዳደሮቹ ወሰደ፣ ካናሪ ዋርፍ የሚባለው የባንኮች ሰፈር በቀለ። ያምራል። የወደብ ሠራተኛው ቤተሰብ ግን ቤት ልግዛ ሲል ዋጋው አልቀመስ አለ።

ጋሽ ቡና፦
ወደብ ወደብ ትላላችሁ፣ እኛም እኮ ነበረን፣ ጋምቤላ! ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ የምዕራቡን ቡና ይጭን ነበር። ወንዙ ሲጎድል ሥራው ይቆማል፣ እንግዲህ በክረምት ብቻ የሚሠራ ወደብ አስቡት።
ወደ ነገራችን ስመለስ ልጄ፣ መጋዘኑ የማን ነው? ስብሰባው ላይ ይህን የጠየቀ ሰው ነበር? በ1967ቱ የደርግ አዋጅ የተወረሰ ከሆነ የመንግሥት ነው። የሊዝ ጨረታ ከወጣበት የሚወስደው ብር ያለው ነው፣ የእናንተ ቤተ መጻሕፍት ወረቀት ላይ ይቀራል። ልጅቷ የነገረችህ የለንደን ሰዎች መሬቱን በእጃቸው ስላስገቡ ነው ያሸነፉት። ስለ መስኮት ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ማኅበር መሥርታችሁ፣ የመሬት አስተዳደር ሄዳችሁ የግቢውን ፋይል አስወጡ።

የአዌቱ ልጅ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ማንም አልጠየቀም። ሰኞ እሄዳለሁ። ግንበኛው፣ ቅዳሜ ጊዜ ካለህ መጥተህ ብታየው ቡና በእኔ ነው።
ለእናቴ ሳነብላት ደግሞ «ከዚያ አቧራ በስንት መከራ ወጥቼ ተመልሼ ልተኛበት?» ብላ ሳቀች። ግቢው ውስጥ ያለው ዋንዛ እንዳይቆረጥ ብቻ አደራ ብላለች። ምሳቸውን የሚበሉት እሱ ሥር ነበር።