ዛንዚባር ወይስ ሲሼልስ? ለክረምት እረፍት ለምትጠይቁ

ትምህርት ሊዘጋ ሲል "ደሴት የት እንሂድ" የምትሉ ስለበዛችሁ የማውቀውን እዚሁ ልበላችሁ። ለቤተሰብ ዛንዚባር፣ ለጫጉላ ደሞ ኪስ ከፈቀደ ሲሼልስ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ጋ ይበራል። ሲሼልስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ቪዛ አይጠይቅም፣ ለኛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ዝም ብሎ መነሳት የለም፣ ቀድማችሁ ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ትሞላላችሁ፣ የሆቴል ቡኪንግና የመመለሻ ትኬትም ይታያል። ጉዱ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ዋናውን ደሴት ማሄን ብቻ አይታችሁ አትመለሱም መቼም፣ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ፕራሊንና ላዲግ መሻገር አለ፣ ጀልባው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ከሄዳችሁ ሪዞርቱን ተዉትና ኪችን ያለው ገስት ሃውስ ያዙ፣ ላዲግ ላይ ሳይክል ተከራዩ፣ ይበቃል።

ዛንዚባር ቪዛ አለው፣ የታንዛኒያ ቪዛ ማለት ነው፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት እንዳትቆርጡ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ 100 ዶላር ነው፣ ለቤተሰብ ጥየቃ አዲስ አበባ ስትመጡ ብትጨምሩት ያዋጣል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደሞ የደሴቱን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትሉም አይሰማችሁም። የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ፣ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ማረፍ? ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ርካሹን ይዞ ነው የሚበሳጨው። በምሥራቅ በኩል ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ በጣም ያምራሉ ዋጋቸውም ቀለል ይላል ግን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ደሞ ቀልድ አይደለም፣ ሩቅ ድረስ አሸዋ ብቻ ይሆንና ሴቶቹ የባሕር አረም ሲለቅሙ ታያላችሁ፣ ለመዋኘት እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ። ካይት ሰርፊንግ ለሚወድ ግን ፓጄ ነው ቦታው፣ በኛ ክረምት ነፋሱ ጥሩ ነው። ልጆች ካሏችሁና ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ልንሁን ካላችሁ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይ ኬንድዋ። እኔ ኬንድዋን እመርጣለሁ፣ ኑንግዊ ሻጩና አስጎብኚ ነኝ ባዩ ይበዛል፣ "ሃፓና አሳንቴ" (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ እለፉ፣ አትከራከሩ።

አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን አንድ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ማታ ባሕሩ ዳር ያለው የምግብ ገበያ ፎሮዳኒ ወጥታችሁ ብሉ፣ ኡሮጆ የሚሉት ሾርባ አለ እሱን ቅመሱ፣ የዛንዚባር ፒዛው ስሙ ነው የገነነው። ከተማው የሙስሊም ከተማ ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ።

ትራንስፖርት ላይ፣ ከስቶን ታውን ኑንግዊ ዳላዳላ ቁጥር 116 ነው፣ ጃምቢያኒ 309። በጣም ርካሽ ነው፣ ያው የኛ ሚኒባስ ነው ትጠጋጋላችሁ። ሻንጣና ሕፃን ካለ ግን ሆቴሉ መኪና ይላክላችሁ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ፍልሰታን የምትጾሙ አትጨነቁ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ በየቦታው አለ፣ ቻፓቲው ላይ ቅቤ እንዳይኖር ብቻ ጠይቁ። ዓሣው ላይ አልገባም፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ 😅

ወቅቱ ለኛ ተመቻችቷል፣ እዚህ ዝናብ ሲያወርደው እዛ ከጁን እስከ ኦክቶበር ደረቅ ነው። ፈረንጁም የሚጎርፈው ያኔ ስለሆነ ሆቴል ቀድማችሁ ያዙ። ፋሲካን እዛ እናሳልፍ የምትሉ ግን ተዉት፣ ከማርች እስከ ሜይ ትልቁ ዝናባቸው ነው።

ዶላር ስትይዙ አሮጌ ኖት አትቀበሉ፣ ከ2006 በፊት የታተመ ብዙ ቦታ አይወስዱትም። ስስ ፌስታልም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ ታግዷል።

ከዛንዚባር አጠገብ ያለችው ደሴት ፔምባ የሄደ ካለ ጻፉልን እስቲ፣ ለዳይቪንግ ዛንዚባርን ያስንቃል ይሉታል፣ ማረፊያውን ነው ማወቅ የምፈልገው።