ጥቆማ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የእከክ ቅባት የት ይገኛል?

ጠያቂዋ፦
ልጆቼን ሌሊት እያሳከካቸው ቤቱ በሙሉ እንቅልፍ አጥቷል። ቀን ደኅና ይውላሉ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገቡ ይብስባቸዋል። በጣቶቻቸው መካከልና በእጅ አንጓቸው ላይ ሽፍታ አለ። ጤና ጣቢያ እከክ ነው ብለው ፐርሜትሪን ጻፉልኝ፤ እነርሱ ዘንድ ግን አልቋል። የሚታመን መድኃኒት ቤት ጠቁሙኝ። ሰልፈር ይሻል ይሆን?

የማርቆስ ሰው፦
መናኸሪያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ግዢ። አባቴም እኔም ከሌላ ገዝተን አናውቅም።

ከቡሬ፦
ማዘዣሽን ሳትይዢ የትም እንዳትገቢ። እኔ ጭርት ይዞኝ አንድ መድኃኒት ቤት ብሄድ ሻጩ እጅጌዬን እንኳ ሳያስገልጠኝ ቤታሜታሰን ሰጠኝ። ማሳከኩ ወዲያው በረደ፤ ጭርቱ ግን ከክንዴ አልፎ ደረቴን ሸፈነው። ያ ቅባት መቅላቱን ይደብቃል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም!

ከፍኖተ ሰላም፦
ለእኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቅባት ለፊት ማጥሪያ ሸጡልኝ። ቆዳዬ ሳስቶ ደም ሥሩ ይታያል። ተቆጣጣሪ የለም ወይ?

የማርቆስ ሰው፦
እኔ የጠቆምሁት ቤት እንዲህ አያደርግም።

ከቡሬ፦
የማንንም ስም አልጠራሁም። ሻጩ ወንድምህ ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ፤ እህታችን ግን ልጆቿ ታመውባታል።

ከዳንግላ፦
ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው እርጥብ ሳለ ቫዝሊን መቀባት ነው። ሽታ ያለው ሳሙናም ይቅር። የእናቴ ደረቅ እግር በዚህ ተሻለው።

የሞጣ ነርስ፦
ቫዝሊን ለድርቀት ጥሩ ነው፤ የእከክን ተባይ ግን አይገድልም። እህቴ፣ 5 በመቶ የሚል ፐርሜትሪን ፈልጊ። የማያሳክከው ሰው ሳይቀር ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ማታ ይቀባ፤ አንዱ ከቀረ ለሌላው መልሶ ያስተላልፋል። ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥር ጭምር። ቢያንስ 8 ሰዓት ቆይቶ ጧት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ጨቅላ ካለ አስቀድመሽ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። ሰልፈርም ይሠራል፤ ለተከታታይ ሌሊቶች ይቀባል፣ ሽታው ግን ከባድ ነው። ከታከማችሁ በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አልሠራም ብለሽ ቅባቱን አትደጋግሚ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንሶላውን እቀቅለዋለሁ፤ ጋቢውንና ቁርበቱንስ ምን ላድርጋቸው?

የሞጣ ነርስ፦
ጋቢውን ፌስታል ውስጥ አጥብቀሽ እሰሪው፤ ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይቆይ። ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ብዙ አይኖርም። ቁርበቱን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ እስከዚያ አትተኙበት።

የማርቆስ ሰው፦
ያ መድኃኒት ቤት እሑድም ክፍት ነው።