የአብራም ሃኒባል አርማ ከመታተሙ በፊት እንዲጣራ፦ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለሩሲያዊው ባለቅኔ ለፑሽኪን ልደት በምናዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ የቅድመ አያቱ የጄኔራል አብራም ሃኒባል አርማ ይሰቀል ተብሏል። የተላከልን ሥዕል ቀለም የተቀባ ነው፤ ከየት እንደተወሰደ ግን አይናገርም። ለሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በእጃችን ያለው ይኼ ነው፦ ሃኒባል እ.ኤ.አ. በ1742 ለሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባስገባው ማመልከቻ የመኳንንትነት ማረጋገጫና አርማ ጠይቋል። የተወለደውም አባቱ በሚገዛው አገር፣ ላጎን በምትባል ከተማ መሆኑን ጽፏል። አርማው ላይ ዝሆን፣ ዘውድና "ፉሞ" ተብለው የሚነበቡ የላቲን ፊደላት አሉ።

የታሪክ መምህሩ፦ እኔን ያሳሰበኝ ቀለሙ ነው። አርማ በሰም ማኅተም ላይ ሲታተም ቀለም የለውም። ቀራጮች ቀለሙን የሚጠቁሙት በመስመር ነበር፦ ቁም መስመር ቀይ፣ አግድም ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ ወርቃማ። ሠዓሊው ይህን አይቶ ነው የቀባው ወይስ ደስ ያለውን? ይህ ሳይታወቅ ባለቀለሙ አይሰቀል።

ሞስኮ ያለችው አባል፦ እስማማለሁ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአርማ ጽሕፈት ቤት መዛግብት እዚሁ ሞስኮ፣ የጥንታዊ ሰነዶች ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። ጥያቄውን እኔ አስገባለሁ። ዋናው ነገር ሃኒባል የጠየቀው አርማ በይፋ ጸድቆለት ነበር ወይ የሚለው ነው። የኢስቶኒያዋ ታሊንም ትጨመር። ሃኒባል እ.ኤ.አ. ከ1742 እስከ 1752 የከተማዋ አዛዥ ስለነበር፣ በራሱ ማኅተም የታሸገ አንድ ደብዳቤ ብናገኝ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጥብናል።

አንጋፋው አባል፦ ልጆቼ፣ "ዝሆኑ ኢትዮጵያዊነቱን ይመሰክራል" የሚለው መግለጫስ? ሳር ቤት ፑሽኪን አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። እንዲቀር አልፈልግም።

የታሪክ መምህሩ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ስሜት የእኔም ነው። ዝሆኑ ግን ይህን አይመሰክርም። ስሙን የወሰደው ዝሆን አስከትቶ አልፕስን ከተሻገረው ከካርቴጁ ሃኒባል ነው፤ ዝሆኑም ከስሙ ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ላጎንም ቢሆን ክርክሩ አላለቀም። ሩሲያዊው ምሁር አኑቺን እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ሐበሻ ምድር፣ ወደ ሐማሴን ጠቁሟል። ቤኒናዊው ተመራማሪ ኛማንኩ ደግሞ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችው ሎጎን ቢርኒ ናት ይላል። የ"ፉሞ"ን ትርጉም እንኳ አንዱ ከአፍሪካ ቋንቋ፣ ሌላው ከላቲን ያመጣዋል። ሁለቱንም ብንጽፍ ጎብኚው ያከብረናል።

አንጋፋው አባል፦ ይሁን። ግን የአኑቺን ሐሳብ በስሙ ይጻፍ፤ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል እንዳይቀር።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል ጋሼ፤ ሁለቱም በእኩል ፊደል ይጻፋሉ። እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ባለቀለሙ ሥዕል ይቆይ። ለሞስኮና ለታሊን ደብዳቤ ይጻፍ። መልስ እስኪመጣ ቀለም የሌለው ንድፍ ይሰቀል፤ ከሥሩም "ቀለሙና መጽደቁ በመጣራት ላይ ነው" ይባል። የዝሆኑ መግለጫ ይውጣ። ማስተካከያ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍልኝ፤ ዓርብ ለሥራ አመራሩ አስገባለሁ።