ጥቆማ፦ ለትንንሽ ተማሪዎች የሳይንስ ሙከራ ዕቃ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ላሏችሁ ወላጆች፦ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ በማጉያ መነጽርና በማግኔት ላይ አውሉ። ከአዲስ አበባ የሚታዘዘው የታሸገ የሙከራ ዕቃ ያምራል፣ ለስጦታም ይሆናል። ነገር ግን ዱቄቱና ፈሳሹ አንዴ ከተቀላቀሉ አለቀ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ሠሪው ወላጅ፣ ተመልካቹ ልጅ ሆኖ ይቀራል። አረፋ ለማየት አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል።

ማጉያ መነጽር የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጠይቁ፤ ፕላስቲኩ ቶሎ ስለሚጫር የመስታወቱን ምረጡ። የጤፍ ቅንጣት፣ ጉንዳን፣ በእርጥብ ጨርቅ የበቀለ ባቄላ ሥሩ ሳይቀር ይታይበታል። ፀሐይን እንዳያዩበት ግን አደራ።

ማግኔት አዲስ አትግዙ። ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ጥቁር ቀለበት አይጠፋም። የብረት ብናኝ ከብረታ ብረት ቤት ለምናችሁ፣ ጥርት ባለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከድናችሁ ስጧቸው። ማግኔቱ በውጭ ሲጠጋ ብናኙ እንደ ጃርት እሾህ ይቆማል፤ ዓይን ውስጥም አይገባም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የፈላ ውኃ ልኬት ነው፤ የእኛ ሁለት ከተሞች ለዚህ የታደሉ ናቸውና። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚላላ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ 94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ውኃ፣ ደሴ 92 ሳይሞላ ይፈላል። ሽሮ ሳይሆን ባቄላ የሚቀቅል ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ዘመድ ጥየቃ ስትወርዱ ቴርሞሜትሩን ያዙ፤ የሚለካው አዋቂ፣ የሚመዘግበው ልጁ ይሁን። የትኩሳት መለኪያ ግን አይሆንም፣ ይሰበራል። እስከ 100 ዲግሪ የሚደርሰውን የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት በውሰት መጠየቅ ከመግዛት ይሻላል።

የክረምት የሳይንስ ትምህርት ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ እዩ። ልጆቹ ዕቃውን በእጃቸው ካልያዙ፣ “ምን የሚሆን ይመስላችኋል?” ተብለው ካልተጠየቁ፣ ከሰሌዳ መገልበጥ ነውና ይቅርባችሁ። የዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት በአብዛኛው ለከፍተኛ ክፍሎች ናቸው፤ ቢሆንም ለትንንሾች የጉብኝት ቀን ይኖር እንደሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲን መጠየቅ አይከፋም።

አምፖል ለማብራት የተለመደውን የእጅ ባትሪ ድንጋይ ተጠቀሙ። እንደ ቁልፍ ክብ የሆኑትን ትንንሽ ባትሪዎችና ደቃቅ ብርቱ ማግኔቶችን ቤት አታስገቡ፤ ከተዋጡ አንጀትና ጉሮሮ ይበሳሉ።